ለድመት እርጥብ ምግብ ወይስ ደረቅ? ከእሽጉ ጽሑፍ እስከ ሳህኑ

ድመት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። በአንድ በኩል ጣሳና ትንንሽ እሽግ አለ። በሌላ በኩል ትልቅ ከረጢት ሙሉ ደረቅ ፍሬ። አንዱ ወዳጅ "ደረቁ ጥርስ ያጸዳል" ይላችኋል። ሌላው "ደረቁ ኩላሊት ይገድላል" ብሎ ያስደነግጣችኋል። ሁለቱም አጋነዋል።

ነገሩ የሚፈታው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ በውሃና በካሎሪ። ድመታችሁ በቀን ስንት ውሃ ታገኛለች? ስንት ካሎሪ ትበላለች? እነዚህን ካወቃችሁ ቀሪው ዝርዝር ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ አቅሙ ካለ፣ ከቀኑ ምግብ ቢያንስ ግማሹ እርጥብ ቢሆን እመርጣለሁ። ካልተቻለም ዓለም አልጠፋም። በደረቅ ምግብ ብቻ በጤና የሚያረጁ ድመቶች ሞልተዋል። ግን ተመዝኖ ሲሰጣቸው ነው፤ ሳህኑ ቀኑን ሙሉ እየተሞላ አይደለም።

መጀመሪያ ልዩነቱን እንወቅ

ከ100 ግራም ደረቅ ምግብ ውስጥ ውሃው ከ6 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። በእርጥቡ ውስጥ ግን ከ75 እስከ 82 ግራም ይደርሳል። ካሎሪው ደግሞ በተቃራኒው ነው። 100 ግራም ደረቅ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 400 ካሎሪ አለው፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። 100 ግራም እርጥብ ምግብ ግን ከ70 እስከ 120 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሎሪ ስል ኪሎ ካሎሪ ማለቴ ነው፤ እሽጉ ላይ የሚጻፈውም እሱ ነው።)

ሌላው ልዩነት ስታርች (የካርቦሃይድሬት ዓይነት) ነው። ደረቁ ምግብ የሚሠራው ሊጡ በሙቀትና በግፊት በማሽን ቀዳዳ እየተገፋ ሲወጣ ነው። ፍሬው እንዲነፋና ቅርጹን እንዲይዝ ስታርች ያስፈልገዋል። ስለዚህ እህል፣ ድንች ወይም አተር ይገባበታል። "ከእህል ነፃ" የሚል ከረጢት ስታርች የሌለው እንዳይመስላችሁ፤ እህሉ ወጥቶ ድንቹ ገብቶ ነው። ፍሬው ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ ስብና ሥጋ ሥጋ የሚል ማጣፈጫ ይረጭበታል። ድመት ስኳር አትቀምስም። የጣፋጭ ጣዕም ተቀባይዋን የሚሠራው ዘረመል እንደተበላሸ በ2005 ተረጋግጧል። የሚስባት የስብና የሥጋ ሽታ ነው፤ አምራቾቹም ይህን በደንብ ያውቁታል።

ደረጃ 1፦ ድመቷን እዩ

እሽግ ከማንበባችሁ በፊት የራሳችሁን ድመት እወቁ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ክብደቷስ? የማምከን ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል? ቤት ውስጥ ብቻ ነው የምትኖረው? ከዚህ በፊት የሽንት፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ችግር ነበረባት?

ክብደቷን በዓይን ግምት አትመኑ፤ ፀጉሩ ያታልላል። ጎኗን በጣታችሁ ዳስሱ። የጎድን አጥንቷ በስሱ ስብ ሥር በቀላሉ መዳሰስ አለበት። ከላይ ስታዩዋት ከጎድኗ ኋላ ትንሽ ወገብ መታየት አለበት። አጥንቱን ለማግኘት መጫን ካስፈለጋችሁ ወፍራለች ማለት ነው። አጥንቱ ሳትዳስሱት በዓይን ከታየ ደግሞ ከስታለች፤ ያኔ የምግብ ምርጫው ይቆይና ምክንያቱ ይፈለግ።

ወንድ ድመት ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ በደቃቅ ጠጠር ወይም በዝልግልግ ነገር ሊዘጋ ይችላል። መጸዳጃው ላይ እየተመላለሰ ቁጭ ቢል፣ ቢያምጥ፣ ቢጮህ፣ ብልቱን ደጋግሞ ቢልስ፣ ሽንቱ ግን ጠብታ ብቻ ቢሆን ወይም ጭራሽ ባይወጣ፣ ብዙ ሰው "ሆዱ ደርቆበት ነው" ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል የሚችል ድንገተኛ አደጋ ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም። እዚህ የማነሳው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ላለው ድመት እርጥብ ምግብ ቅንጦት ስላልሆነ ነው።

ደረጃ 2፦ "የተሟላ" የሚለውን ቃል ፈልጉ

እርጥብም ሆነ ደረቅ፣ ከምንም በፊት የሚነበበው ይህ ነው። እሽጉ ላይ ምግቡ "የተሟላ" ነው ወይስ "ተጨማሪ" የሚል ጽሑፍ አለ። "የተሟላ" ማለት ድመቷ ሌላ ምንም ባትበላ በቂ ነው ማለት ነው። "ተጨማሪ" ወይም "መክሰስ" ከተባለ ግን ብቻውን አይበቃም። ብዙ የሚያምሩ ትንንሽ ጣሳዎች፣ በተለይ የዓሣ ወይም የዶሮ ቁርጥራጭ ብቻ የሚታይባቸው፣ የሚመደቡት በዚህ በሁለተኛው ነው። ሰው ንጹህ ሥጋ ስላየ የተሻለ ይመስለዋል። ድመቷም ትወደዋለች። በየቀኑ እሱን ብቻ ብትበላ ግን ትጎዳለች።

ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናት፤ ምርጫ አይደለም። ከእንስሳ አካል ብቻ በበቂ የምታገኛቸው ነገሮች አሉ። ታውሪን አንዱ ነው። የድመት ሰውነት ታውሪንን በበቂ መጠን መሥራት አይችልም። ሲጎድል የዓይኗ መረብ ይጎዳል፣ ልቧ ይሰፋና ይደክማል። ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አልነበረም። በ1987 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች፣ ከሱቅ የተገዛ ምግብ የሚበሉ ድመቶች ልባቸው የሚደክመው ከታውሪን ማነስ እንደሆነ ይፋ አደረጉ። አምራቾች መጠኑን ከፍ አደረጉ፤ በሽታውም በጣም ቀነሰ። ዛሬ የአሜሪካው የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር የአፍኮ (AAFCO) መስፈርት ከውሃ ውጭ ሲሰላ ለደረቅ ምግብ ቢያንስ 0.1 በመቶ፣ ለታሸገ እርጥብ ምግብ ቢያንስ 0.2 በመቶ ታውሪን ይጠይቃል። እርጥቡ ላይ እጥፍ የሆነው ጣሳው የሚያልፍበት ሙቀት ታውሪኑ በአንጀት ውስጥ የበለጠ እንዲባክን ስለሚያደርግ ነው። የአውሮፓው የቤት እንስሳት ምግብ አምራቾች ማኅበር ፌዲያፍም (FEDIAF) የራሱ መስፈርት አለው። እሽጉ ከሁለቱ አንዱን ከጠቀሰ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ ዕድሜ ይከተላል። "ለግልገል"፣ "ለአዋቂ"፣ "ለሁሉም ዕድሜ" ይላል። ለአዋቂ የተባለውን ለግልገል አትስጡ። የውሻ ምግብማ ለአንድ ሳምንትም አይሁን።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን እሽጎች በአንድ መስፈሪያ ለኩ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጣሳው ላይ ፕሮቲን 10 በመቶ ይላል። ከረጢቱ ላይ 32 በመቶ ይላል። "ደረቁ በሦስት እጥፍ ይበልጣል!" ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። በጣሳው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃውን አውጥታችሁ አወዳድሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ100 ላይ የውሃውን መጠን ቀንሱ። ፕሮቲኑን ለቀሪው አካፍሉና በ100 አባዙ።

ጣሳው ውሃው 80 በመቶ ከሆነ ቀሪው 20 ነው። 10 ለ20 ሲካፈል 50 በመቶ። ከረጢቱ ውሃው 8 በመቶ ከሆነ ቀሪው 92 ነው። 32 ለ92 ሲካፈል 35 በመቶ ገደማ። ያ "ትንሽ" የመሰለው ጣሳ በልጧል። በአፍኮ መስፈርት ከውሃ ውጭ ለአዋቂ ድመት ዝቅተኛው ፕሮቲን 26 በመቶ፣ ለግልገል 30 በመቶ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አልፈዋል።

ካርቦሃይድሬቱ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ግን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ፕሮቲን፣ ስብ፣ ፋይበር፣ አመድና ውሃን ደምሩና ከ100 ቀንሱ። አመድ የሚባለው ማዕድኑ ነው፤ ማንም አመድ አልጨመረበትም። ካልተጻፈ ለደረቅ 7፣ ለእርጥብ 2 ብላችሁ ገምቱ። ለምሳሌ ከረጢቱ ፕሮቲን 32፣ ስብ 14፣ ፋይበር 3፣ አመድ 7፣ ውሃ 8 ቢል ድምሩ 64 ነው። ቀሪው 36 ካርቦሃይድሬት ሆነ። ከውሃ ውጭ ሲሰላ 39 በመቶ ገደማ ይመጣል። ጣሳው ፕሮቲን 10፣ ስብ 5፣ ፋይበር 0.5፣ አመድ 2፣ ውሃ 80 ቢል ቀሪው 2.5 ነው። ከውሃ ውጭ 12.5 በመቶ። እሽግ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ "ቢያንስ" እና "ቢበዛ" ስለሆኑ ውጤቱ ግምት ነው። ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ጤነኛ ድመት ስታርችን መፍጨት ትችላለች፤ መርዝ አድርጎ መሳል ልክ አይደለም። የስኳር በሽታ ላለባት ድመት ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ያለ እርጥብ ምግብ የደም ስኳሯን ለመቆጣጠር ያግዛል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኢንሱሊን የምትወስድ ድመትን ምግብ በራሳችሁ አትቀይሩ። ካርቦሃይድሬቱ ሲቀንስ የድሮው የኢንሱሊን መጠን ሊበዛባትና ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ከሐኪሟ ጋር ብቻ።

ደረጃ 4፦ በግራም አስሉት

አንዲት 4 ኪሎ የምትመዝን፣ የመከነችና ቤት ውስጥ የምትኖር አዋቂ ድመት በቀን ከ200 እስከ 240 ካሎሪ ገደማ ይበቃታል። መነሻችን 220 ይሁን። ደረቁ በ100 ግራም 380 ካሎሪ፣ እርጥቡ 85 ካሎሪ አለው እንበል።

ደረቅ ብቻ ከሆነ 58 ግራም ገደማ ነው። አዎ፣ ይህችው ናት። ሳህኑ ላይ ስታዩት "ይቺማ ምን ትሆናታለች" ያሰኛል። ድመቶች የሚወፍሩት እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ 10 ግራም ብቻ ብትጨምሩላት 38 ካሎሪ ሆነ፤ ከቀኑ ፍላጎቷ 17 በመቶ። በኩባያ ስትሰፍሩ ደግሞ በ10 ግራም መሳሳት በቀላሉ ይመጣል። የወጥ ቤት ሚዛን ይኑራችሁ። ከማንኛውም ውድ ምግብ በላይ የሚጠቅማት እሱ ነው።

እርጥብ ብቻ ከሆነ 260 ግራም ገደማ ነው፤ 85 ግራም ከምትይዘው እሽግ ሦስት። ሆዷን የሚሞላው መጠን ስለሆነ ለምትወፍር ድመት ይመቻል።

ቅልቅል ከሆነ ደግሞ አንድ እሽግ እርጥብ 72 ካሎሪ ይሰጣል። ቀሪውን 148 ካሎሪ 39 ግራም ደረቅ ይሞላዋል። ሁለት እሽግ ከሰጣችሁ ደረቁ ወደ 20 ግራም ይወርዳል። እርጥቡን ጨምሮ ደረቁን አለመቀነስ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። "እርጥብ ጀመርኩላትና ወፈረች" ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይሄ ነው።

መክሰስም ይቆጠራል። በቀን ከሚሰጣት ካሎሪ ከ10 በመቶ አይለፍ። በከረጢቱ ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ለብዙ የቤት ድመት ይበዛል።

ደረጃ 5፦ ውሃውን ቁጠሩ

ድመት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋታል። ለ4 ኪሎዋ 200 ማለት ነው። አሁን ከላይ ያሉትን ምሳሌዎች ተመልከቱ። 260 ግራም እርጥብ ምግብ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ አለ፤ ሳትጠጣ ሞላላት። 58 ግራም ደረቅ ውስጥ ግን 5 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። አንድ እሽግ ብቻ የተቀላቀለበት ወደ 70 ይሰጣታል።

"ታዲያ ትጠጣ!" ልትሉ ትችላላችሁ። ትጠጣለች። ደረቅ የምትበላ ድመት እርጥብ ከምትበላዋ በጣም የበለጠ ትጠጣለች። ቢሆንም በድምሩ ስትለካ የምታገኘው ውሃ ብዙ ጊዜ ያንሳል። የቤት ድመት የመጣችው ከሰሜን አፍሪካና ከምዕራብ እስያ የዱር ድመት ነው። ያ ፍጥረት በደረቅ ምድር ይኖራል፤ ውሃውን በአብዛኛው የሚያገኘው ካደነው ነገር ነው። አይጥ ከሰውነቷ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ ድመት ጥም ቶሎ አይሰማትም። ኩላሊቷ ሽንቱን አጥብቆ ያወፍረዋል። ወፍራም ሽንት ደግሞ ለጠጠር ይመቻል። እርጥብ ምግብ ሽንቱን ያቀጥነዋል፤ ዋናው ጥቅሙ ለእኔ ይህ ነው።

ይህ ማለት ደረቅ ምግብ ጤነኛ ድመትን ኩላሊቷን ያሳምማታል ማለት አይደለም። በዚያ ላይ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። አንዴ ኩላሊቷ የታመመ፣ ሽንቷ የተዘጋ ወይም ጠጠር የወጣላት ድመት ግን ውሃ ያስፈልጋታል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም።

ደረቅ ብቻ መስጠት ግድ ከሆነባችሁ ውሃውን አብዙት። ሰፋ ያሉ ሳህኖችን በተለያየ ክፍል አስቀምጡ፣ ከምግቡና ከመጸዳጃው አርቃችሁ። በየቀኑ አጥባችሁ ቀይሩ። የሚፈስ ውሃ የምትወድ ካለች የኤሌክትሪክ ፏፏቴውን ሞክሩ፤ የማትወድም አለች። ፍሬው ላይ ለብ ያለ ውሃ ማፍሰስም ይቻላል። ግን የራሰ ፍሬ ቶሎ ይበላሻል፤ እንደ እርጥብ ምግብ ቁጠሩት።

የጥርሱ ነገር

ተራ ደረቅ ምግብ ጥርስ ያጸዳል የሚለው ብዙም አያስኬድም። ብዙ ድመቶች ፍሬውን ሳያኝኩ ይውጡታል፤ የሚያኝኩትም ገና ጫፉን ሲነክሱት ይሰባበራል። ለጥርስ ተብለው የሚሠሩ ትልልቅና በቀላሉ የማይሰበሩ ፍሬዎች አሉ፤ እነሱ ይረዳሉ። የጥርስ ምርቶችን የሚመዝነው የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት (VOHC) ማኅተም ያለበትን ፈልጉ። ከሁሉም የሚበልጠው በድመት የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ነው። ድመቷ ከፈቀደች ነው፣ ያውም።

ደረጃ 6፦ ወስኑ

እርጥቡን በዋናነት ምረጡ፦ የሽንት ችግር ታሪክ ካላት፣ ኩላሊቷ ከታመመ፣ የስኳር በሽታ ካለባት፣ ሆዷ ከደረቀ፣ መክሳት ካለባት፣ ወይም አርጅታ ጥርሷና ማሽተቷ ከደከመ። ለታመመችው ሐኪሙ ያዘዘው ልዩ ምግብ ይቀድማል። የኩላሊት ምግብ ፎስፈረሱ የተቀነሰ ነው፤ "እርጥብ ስለሆነ" ብላችሁ ተራውን ጣሳ ብትተኩት ዓላማው ይጠፋል።

ደረቁ የሚያሸንፍበት ቦታም አለ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ከወጣችሁ፣ ሰዓት ጠብቆ የሚከፈት ማቅረቢያ ውስጥ የሚቀመጠው ደረቅ ነው። ድመት በተፈጥሮዋ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትበላለች፤ ደረቁን ተመዝኖ በመጫወቻ ውስጥ ደብቃችሁ "እንድታድነው" ማድረግ ትችላላችሁ። አሰልቺ ቤት ውስጥ ለምትኖር ድመት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋውም አለ። እርጥቡ በካሎሪ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ስታወዳድሩ የጣሳውን ዋጋ ከከረጢቱ ዋጋ ጋር አታስተያዩ። ዋጋውን በውስጡ ላለው ጠቅላላ ካሎሪ አካፍሉና በ100 አባዙ። የ100 ካሎሪ ዋጋ ይወጣላችኋል። ያኔ በቀን ስንት እንደምታወጡ በግልጽ ይታያል።

ለቀሪው ሰው፣ ጤነኛ አዋቂ ድመት ላለው፣ ጠዋትና ማታ እርጥብ፣ በመሃል ጥቂት ደረቅ ጥሩ አካሄድ ነው።

ግልገል ካላችሁ ሁለቱንም ዓይነት ከልጅነቷ አለማምዷት። ድመት የምትወደውን የምግብ ሸካራነት በአብዛኛው የምትይዘው በልጅነቷ ነው። ደረቅ ብቻ ያደገች ድመት በ10 ዓመቷ ኩላሊቷ ሲታመም እርጥቡን ልመና ነው የሚሆነው።

ደረጃ 7፦ ቀስ ብላችሁ ቀይሩ

አዲስ ምግብ እሺ የምትል ድመት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። መጀመሪያ ሩብ አዲሱን፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ግማሹን፣ ከዚያ ሦስት ሩቡን፣ ከዚያ ሙሉውን። ሰገራዋ ከላላ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሱ።

ደረቅ የለመደችና እርጥቡን አሽትታ ፊቷን የምታዞር ድመት ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠውን ሳህን አንሱና በቀን ሦስት ጊዜ በሰዓት አብሏት። ለሃያ ሠላሳ ደቂቃ አስቀምጣችሁ አንሱ። ትንሽ ስትርባት አዲስ ነገር የመቅመስ ዕድሏ ይጨምራል። እርጥቡን ከደረቁ ጋር አትደባልቁት። ከጎኑ፣ በዝርግ ሳህን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ አኑሩላት። ባትነካው አትናደዱ፤ ሽታውን መልመድም አንድ እርምጃ ነው።

ከፍሪጅ እንደወጣ የቀዘቀዘ ምግብ አይሸትም፤ ያልሸተተ ምግብ ደግሞ ለድመት ምግብ አይደለም። ለብ አድርጉት። ሳህኑን ሙቅ ውሃ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ማይክሮዌቭ ከተጠቀማችሁ በደንብ አማስሉትና በጣታችሁ ሞክሩት፤ መሃሉ ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ የምትወደውን ደረቅ ፍሬ ፈጭታችሁ ላዩ ላይ ነስንሱ። አሁንም እምቢ ካለች ዓይነቱን ቀይሩ። የላመውን ያልነካች ድመት በመረቅ ውስጥ ያለውን ቁርጥራጭ ልትወደው ትችላለች። አንዳንዷ መረቁን ልሳ ሥጋውን ትተዋለች፤ ያም ጅምር ነው። በዚህ ሰሞን መድኃኒት አዲሱ ምግብ ውስጥ አትደብቁ። አንዴ ከጠረጠረች አለቀ።

አንድ ነገር ግን አደራ። "ሲርባት ትበላለች" ብላችሁ በረሃብ አታስገድዷት። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ለሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። ይህ የጉበት ሕመም ሊገድላት ይችላል። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች የድሮ ምግቧን መልሱላት። እሱንም እምቢ ካለች ጉዳዩ ምርጫ አይደለም፤ ታማለች፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ደረጃ 8፦ አቀራረብና አቀማመጥ

እርጥብ ምግብ ከተከፈተ በኋላ ሳህን ላይ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀት ባለበት ቀን ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይነሳ። የተረፈውን ጣሳ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡና በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ጨርሱት።

ደረቁም ዘላለማዊ አይደለም። ከተከፈተ በኋላ ላዩ ላይ የተረጨው ስብ አየር ሲያገኘው ይበላሻል። ስለዚህ በስድስት ሳምንት ውስጥ የምትጨርሱትን መጠን ግዙ። ትልቁ ከረጢት ርካሽ ቢሆንም ለአንዲት ድመት ብዙ ጊዜ ይበዛል። ምግቡን ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ዕቃው ውስጥ ከገለበጣችሁት ደግሞ አዲሱን በአሮጌው ላይ አትጨምሩ፤ ታችኛው ስብ አዲሱን ያበላሸዋል። ከረጢቱን ማቆየት ሌላም ጥቅም አለው። ምርቱ ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል የምርት ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሁለት ሦስት ድመት ያለው ቤት ሳህኖቹን ይለያይ። ካልሆነ አንዷ የኩላሊት ምግቧን ትታ የሌላውን ስትበላ፣ ሌላው ደግሞ የሁለቱንም ሲጠራርግ ታገኟቸዋላችሁ።

ደረጃ 9፦ ተከታተሉ

በየሁለት ሳምንቱ መዝኗት። የሰው ሚዛን ላይ አቅፋችሁ ወጥታችሁ የራሳችሁን መቀነስ ይቻላል፤ ግን በግምት ነው። መክሳት ያለባት ድመት በሳምንት ከክብደቷ 1 በመቶ ገደማ ብትቀንስ ጥሩ ነው። ለ5 ኪሎ ድመት 50 ግራም ማለት ነው፤ ይህን የሚያሳየው የሕፃን ሚዛን ነው። ከ2 በመቶ በላይ በሳምንት ከቀነሰች ምግቡን ጨምሩ።

መጸዳጃዋን ስታጸዱ የሽንቱን ጓል እዩ። ወደ እርጥብ ስትቀይሩ ጓሉ ይተልቃል፣ ይበዛልም። የመጠጥ ውሃዋን መንካት ትቀንሳለች። ሁለቱም የሚጠበቁ ናቸው። የሚያሳስበው ሌላው አቅጣጫ ነው። ምግቧን ሳትቀይሩ ድንገት አብዝታ መጠጣትና መሽናት ከጀመረች፣ ወይም ደህና እየበላች ከከሳች፣ ኩላሊት፣ ስኳር ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሊሆን ይችላል። የምግብ ዓይነት በመቀያየር ጊዜ አትግደሉ፤ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ስትሄዱ የእሽጉን የፊትና የኋላ ፎቶ፣ በቀን የምትሰጧትን ግራምና የክብደቷን መዝገብ ያዙ።